የኔ ጌታ

በእጅ የሚተላለፍ በሽታ ከገባ ወዲህ ሰው ሰውን ማጉረስ በሕግ ተከለከለ። የተፈቀደለት ቱካን የሚባለው ባለ ትልቅ ምንቃር ወፍ ብቻ ነበር፤ ምንቃሩ በሽታውን አያስተላልፍም። ስለዚህ በየቤቱ ገበታ ዳር አንድ ቱካን ይቀመጣል።

የልመንህ ቤት ቱካን ደረቱ ቢጫ፣ ምንቃሩ የገላውን ግማሽ የሚያህል ነበር። ልመንህና እልፍነሽ የተጋቡበት ሰባተኛ ዓመት ሲከበር፣ ቱካኑ ከሳህኑ ላይ ፓፓያ በምንቃሩ ጫፍ ቀስ አድርጎ አንሥቶ እልፍነሽን አጎረሳት።

«እሰይ፣ የኔ ጌታ!» አለችው።

ልመንህ አንገቱን ደፋ። ድሮ የኔ ጌታ የምትለው እሱን ነበር።

«ለሱ ሲሆን አፍሽ እንዴት ይከፈታል!» አላት።

«ወይ ጉድ! በወፍ ቀናህ?»

«ወፍ መሆኑን የረሳሽው መስሎኝ ነው።»

ሣቀችበት። እሱ ግን ከራሱ ድርሻ የበሰለውን ቆርጦ ለቱካኑ አቀረበና «ይኼ የኔ ነው፤ አድርስልኝ» አለው በሹክሹክታ።

ቱካኑ ያገኘውን ፍሬ ወደ ላይ ወርውሮ መዋጥ ይወዳል። ልመንህ ትንፋሹን ዋጠ። ወፉ አንገቱን ሰበር አደረገና ወደ እልፍነሽ ዘለለ። እሷም ዓይኗን ጨፍና ጎረሰች። ያጎረሰ ሰው ደግሞ መድገም ወጉ ነው።

«ድገመኝ እንጂ፣ የኔ ጌታ» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ለየትኛቸው እንዳለች አልታወቀም። ልመንህና ቱካኑ እኩል ወደ ሳህኑ ተንጠራሩ።