ስም የተጻፈበት ኩባያ

ሎሬይን ጠረጴዛውን ባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ስታቆም ገና ረፋድ ነበር። የጥር ፀሐይ ግን አርባ ዲግሪን ሊያልፍ ምንም አልቀረው።

ነጭ ጨርቅ አለበሰችው። ቧንቧ ያላቸውን ሁለት የመስታወት ጋኖች አስቀመጠች፤ በአንዱ የሎሚ ጭማቂ፣ በሌላው ፍራፍሬ የተቆራረጠበት ወይን። አጠገባቸው በረዶ ውስጥ የተቀመጠ የቢራ በርሜል። ከዚያ ሃምሳ የወረቀት ኩባያና አንድ ጥቁር ማርከር። በመጨረሻም ካርቶን ላይ በትልቁ «ስምህን ጻፍ፣ ራስህ ቅዳ» ብላ ጽፋ አንደኛው ጋን ላይ አሰረችው።

ይህ ለማንም እንግዳ ነገር አልነበረም። በዚያ ከተማ ግብዣ ላይ ቆሞ የሚቀዳ ሰው የለም። ሰው ኩባያው ላይ ስሙን ይጽፋል፤ ቀኑን ሙሉ በዚያችው ሲጠጣ ይውላል። ዛሬ ደግሞ ባሏ ኔቪል ስድሳ ዓመት ስለሞላው የከተማው ወንድ አንድም ሳይቀር ይመጣል። ሎሬይን የፈለገችውም ይህንኑ ነው።

ልጇ ኬሪን ከተገደለች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። የስንዴ እርሻ ዳር ስትገኝ ጥፍሯ ሥር የሰው ደም ነበር፤ የማን እንደሆነ ግን ያኔ ማወቅ አልተቻለም። ባለፈው ሐምሌ መርማሪው ደወለ። አሁን በዲኤንኤ ይታወቃል፣ ግን ያለ ማስረጃ የከተማውን ወንድ ሁሉ አስገድዶ መመርመር አይቻልም አላት። ከዚያ፣ «ጠጥተው የጣሉት ኩባያ ቢሆን…» ብሎ ጀመረ። «የማን እንደሆነ በግልጽ ከታወቀ፣ የሌላ ሰው እጅም ካልገባበት።»

ሎሬይን ይህን የነገረችው ለኔቪል ብቻ ነው። ለእህቷ እንኳ አልተነፈሰችም። ኔቪል ልጅቷ የጠፋች ጊዜ ፍለጋውን የመራ፣ ሎሬይንም ከአልጋ መነሣት ሲያቅታት ሾርባ ይዞ የሚመጣ ሰው ነበር። የተጋቡት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ነገሩን ስትነግረው፣ «አንቺ ያልሽው ይሁን» አላት።

አሁን በረዶ ተሸክሞ መጣ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ና እስቲ፣ አንተ ጀምርላቸው» አለችው። «ባዶ ሲያዩ ያፍራሉ።»

ማርከሩን ተቀብሎ በትልልቅ ፊደል ስሙን ጻፈና ኩባያውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠው።

«ክላይቭ የሚመጣ ይመስልሃል?» አለችው።

«ነጻ ቢራ ካለ ከመቃብርም ተነሥቶ ይመጣል።»

ክላይቭ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ያን ዕለት ኬሪንን መንገድ ላይ አግኝቶ ያሳፈራት እሱ ነበር። መስቀለኛው መንገድ ላይ አወረድኳት አለ፤ ያመነው ሰው ግን የለም። ሎሬይን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «እንዴት ዋልክ» ብላው አታውቅም።

ስምንት ሰዓት ላይ ግቢው በሰው ሞላ። ክላይቭም መጣ፤ የራሱን የውሃ ጠርሙስ ብብቱ ሥር ይዟል። ሎሬይን ጠርሙሱን አየች። አውቋል፣ አለች በልቧ።

ሄዳ ፊቱ ቆመች። «ክላይቭ፣ ለልደቱ አንዲት ቢራ እንኳ አትቀምስም?»

ሰውየው አፍጥጦ አያት። ዓይኑ ቀላ።

«አንቺ ካልሽኝ እንዴት እምቢ እላለሁ» አለ። ስሙን ጻፈ፣ ቀዳ፣ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። እንደገና ቀዳ። ሎሬይን ከንፈሩን ነበር የምታየው። ያዝኩህ፣ አለች በልቧ፤ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ኔቪል ከጥብሱ ምድጃ አልተለየም። ላቡ እየተንጠባጠበ ሥጋ ያገላብጣል፣ ይሰጣል፣ ይቀልዳል። አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ የአትክልት ማጠጫውን ጎማ አነሣና ጎንበስ ብሎ ከአፉ ጠጣ።

ጎረቤታቸው በርት አየው። «አንተ ሽማግሌ! ይህ ሁሉ መጠጥ ተደርድሮ ከጎማ ትጠጣለህ? ሎሬይን፣ ባልሽ እንደ ውሻ ነው የሚጠጣው!»

«ያደግሁበት ነው፣ ምን ላድርግ!» አለ ኔቪል። ሁሉም ሳቁ፤ ሎሬይንም ሳቀች።

ኬኩ ሲቆረስ ሰው ሁሉ ኩባያውን አነሣ። ኔቪል የሥጋ መቆንጠጫውን ከፍ አድርጎ «እኔ በዚህ!» አለ። ዳግመኛ ተሳቀ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንግዶቹ ተሰናብተው ወጡ። ክላይቭ መጨረሻ ላይ መጥቶ እጇን ጨበጠ። ሎሬይን እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች።

ከዚያ ጓንት አጠለቀች። ኩባያዎቹን አንድ በአንድ እያነሣች በየራሳቸው የወረቀት ከረጢት ከተተች፤ ከረጢቱም ላይ ስሙን ገለበጠች። የክላይቭን ለብቻው አኖረችው።

«የሱን አገኘሽው?» አለ ኔቪል ከደረጃው ላይ ሆኖ። ድምፁ ደርቋል።

«አገኘሁት።»

«ተመስገን። በቃ፣ የቀረውን እኔ ልጣልልሽ፤ ደክሞሻል።»

«አይ፣ መርማሪው አንድም እንዳይቀር ብሎኛል» አለችና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ወደ ቀረችው የመጨረሻ ኩባያ እጇን ዘረጋች።

በትልልቅ ፊደል «ኔቪል» ይላል፤ ውስጡ ደረቅ ነበር።