የማይወልቅ ጥቁር

ውድነሽ የተኮሰችውን ነጭ ሸሚዝ ባሏ ጉልበት ላይ አኖረች። ልጃቸው ትርሲት ከሞተች ሰባት ዓመት አልፏታል።

«አስናቀ፣ ኧረ ዛሬስ ጥቁሩን አውልቅ።»

«ትናንት ቀብረናት?» አላት። ዓይኑ እንደ ቀብሯ ዕለት አብጧል።

የአስናቀን የደም ካንሰር ያስታገሠለት ከአፈር ተሕዋስያን የተቀመመ ክኒን ነው። ክኒኑ ሕዋስ ቆሻሻውን እንዳይጥል ያግዳል፤ ካንሰሩ በገዛ ጉድፉ ይታፈናል። ከዚያ ወዲህ ግን ሐዘንም ከአስናቀ መውጫ አጣ።

ውድነሽ የዛሬውን ክኒን በመዳፏ ጨብጣ ደበቀች። «አንድ ቀን ብትዘለውስ? ትንሽ ይቀልህ ይሆናል።»

«ስጪኝ፤ ከዘለልኩት ድምፅዋ ይጠፋኛል።»

ውድነሽ የልጇን ድምፅ ለማስታወስ ሞከረች። ምንም አልመጣላትም። መዳፏን ቀስ ብላ ከፈተች።

«ዋጠው» አለችው። «ከዚያ ‹እማዬ› ስትለኝ እንዴት እንደነበር ንገረኝ።»