ፈጣኗ ሞተር

ልብስ ሰፊዋ ወደ ሽማግሌው ሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ስትገባ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። እጅጌዋ ላይ ነጭ ዱቄት ደርቋል። ሽማግሌው የልብስ ጠመኔ ነው ብሎ አለፈው።

«አባቴ፣ ለልጆች የሪሞት መኪና የምትሆን ሞተር ይኖርዎታል? ከሁሉ ፈጣኗን ነው የምፈልገው።»

ሽማግሌው ክው አለ። የዛሬ ከሰዓቱን የሪሞት መኪና እሽቅድምድም ያሸነፈ ልጅ የሙያ ትምህርት ቤት በነፃ ይገባል፣ ማደሪያም ይሰጠዋል። ሽማግሌው ወላጆቹ የሞቱበትን የልጅ ልጁን የሚያሳድገው ብቻውን ነው። ሳል ከያዘው ወዲህ፣ እኔ ስሞት ይህ ልጅ የት ይወድቃል እያለ እንቅልፍ አጥቷል። በልምምድ ላይ የልጅ ልጁን የሚቀድመው ደግሞ አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ የዚህችው ልብስ ሰፊ ልጅ።

«ልኩን ይዘሻል?»

ቋጠሮ ያለው ክር ሰጠችው። ዘረጋው። ልክ የልጅ ልጁን መኪና ያህላል። ጭራሽ መኪናቸውም እኩያችን ናት፣ አለ በልቡ።

ሁለት ሞተሮች ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ይቺ ዝግ ትላለች፤ ግን ኩርባ ላይ መሬት ትይዛለች። ያቺኛዋ...»

«ዝግ ማለቱ ለእኔ ይበቃል፤ ዕድሜ ልኬን መርፌ ስገፋ የት ደረስኩ? ፈጣኗን ይስጡኝ። ደግ ልጅ ነው፤ ዛሬ እሱ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር!»

ፈጣኗ ለእንዲህ ዓይነት ቀላል መኪና አትሆንም። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ መኪናዋን ገልብጣ ከሜዳው ግንብ ጋር ታላትማታለች። ሽማግሌው ይህን ሊነግራት አፉን ሲከፍት ሳሉ ቀደመው። ሳሉ ሲያባራ ፈጣኗን ሞተር አነሳ።

ሁለት ቀይ ሽቦዎች በየደላት። ሁለት ጊዜ ጣቱን ተቃጠለ።

«ልጁ እንዳይሰማ አደራ። ሊሰለፍ ሲል ነው በድንገት የምሰጠው።»

«ከእኔ አይወጣም» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

ዋጋውንም ቀነሰላት። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ውለታዎን በልጅ ልጅዎ ይክፈልዎ፣ አባቴ።»

አሜን ማለት አቃተው።

ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ፣ ዳገቱ ላይ እየቆመ እያሳለ ሜዳው ደረሰ። መኪኖቹ መስመር ላይ ተደርድረዋል። ሽማግሌው የልብስ ሰፊዋን ልጅ ከተወዳዳሪዎቹ መሀል ቢፈልግ አጣው። ልጁ ከእናቱ ጎን ቆሟል። አንድ ክንዱ በአዲስ ጀሶ ተጠቅልሎ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«አባባ! ልጇን ሐኪም ቤት ስላደረስኩላት ምን እንደሰጠችኝ እይ! ዛሬ ማን ይችለናል!» ብሎ የልጅ ልጁ ከወዲያ ጮኸ።

ፊሽካው ሊነፋ ሲል መኪናዋን ገልብጦ ለአያቱ አሳየ፤ ከሆዷ ሁለት ቀይ ሽቦዎች ብልጭ አሉ።