ሶስናን የበረዳት ቀን

ብርድ ከአገሩ ጠፍቶ ባሌ ተራራ አናት ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር። አዳማ ላይ ሰው ከሙቀቱ የተነሳ መተቃቀፍ ትቷል፤ ፌቨንም ልጇን ሶስናን ጡት ካስጣለቻት ወዲህ አቅፋት ተኝታ አታውቅም። መኪናቸው ጭጋግ የለበሰውን ጠመዝማዛ መንገድ ጨርሳ ተራራው አናት ላይ ስትቆም፣ ሶስና ወርዳ ክንዷን አየችና ደነገጠች።

«እማዬ፣ ጸጉሬ ቆመ! አመመኝ እንዴ?»

«በርዶሽ ነው የኔ ልጅ» አለች ፌቨን እየሳቀች።

የተራራው ጠባቂ ቁልቁል አዲሱን ደን አሳያቸው። «ዛፉ ባደገ ቁጥር ብርዱም ወደ ታች እየወረደ ነው። ዘንድሮ ጎባ ደርሷል።»

ሶስና እየተንቀጠቀጠች መጥታ እናቷ ብብት ስር ተወሸቀች። ፌቨን እጆቿን የት እንደምታደርግ ለአፍታ ግራ ገባት፤ ከዚያ ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻት።

«አሁንም በረደሽ?»

«ትንሽ» አለች ሶስና፤ ግን አልበረዳትም ነበር።