ከማጨጃው ሥር የታዩ እግሮች

አትክልተኛው ተቀምጦ የሚነዳውን የሣር ማጨጃ በክሪክ አነሣ፤ የካንዴላውን ሽቦ ነቀለና ከሥሩ ተንጋለለ። የክረምት ሣር ምላጩ ዙሪያ እንደ ጭቃ ተጋግሯል። በመቧጠጫ ሲፍቀው ፊቱ ላይ ይረግፋል። ሥራው ለነገ ቢያድርም ግድ አልነበረውም፤ ግን እጁ ባዶ ከሆነ ስልኩን ያነሣል። እናቱ ገጠር ታመዋል፣ የወንድሙ ስልክ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ አይሠራም።

የሚሠራበት ሎጅ ዘበኛ ማስረሻ መጣ። "ተነሥና ተጣጠብ፤ እንግዳ መጥቶብሃል።"

"ማን?"

"ተነሥ ብቻ።"

ማስረሻ እንዲህ በለሰለሰ ድምፅ አናግሮት አያውቅም። አንገቱን ሲያዞር፣ ከማጨጃው ጠርዝ በታች የሦስት ሰው እግር፣ የጋቢ ጫፍና አንድ ከዘራ በሣሩ ላይ ሲመጡ አየ። አባቱ የሞቱ ጊዜም ሽማግሌዎች በማለዳ እንዲሁ ተሰብስበው መጥተው፣ መጀመሪያ ያሉት "ቁጭ በል" ነበር። ያን ቃል እስኪሰማ ድረስ እናቱ በሕይወት አሉ። የጸዳውን ምላጭ እንደገና መፋቅ ጀመረ።

"ኧረ ውጣ፤ ሽማግሌ ቆሞ ይጠብቅሃል?" አለ ማስረሻ።

ወጣ። ፊቱ በሣር አረንጓዴ ሆኗል። እነሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀድሞ ወደ አግዳሚው እያመለከተ፣

"ተቀመጡ" አላቸው።

ባለከዘራው አዛውንት ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"ልጅዎን ውባለምን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን ነው የመጣነው። እሺ ሳይሉን አንቀመጥም።"