ነርሷ «አቤት» ስትል

የመርፌው ጫፍ የሽማግሌውን ክንድ ሊነካ ሲል ዋና ነርሷ ከበሩ ላይ «ጽዳት! እዚህ ውሃ ፈሷል» ብላ ተጣራች። አዲሷ ነርስ ሳታስበው «አቤት» አለች። ነጭ ጋዋን የለበሰችበት የመጀመሪያ ቀኗ ነበር። ተማሪ ሳለች ግን ቀን ስትማር ውላ ማታ ማታ ይህንኑ ዋርድ ስትወለውል ነው የኖረችው፤ ምላሷ ከዲፕሎማዋ ይልቅ ለመወልወያው ታማኝ ሆኖ ተገኘ።

ሽማግሌው ክንዳቸውን ሰበሰቡ። «የጽዳት ሠራተኛ ናት እንዴ የምትወጋኝ?» ሲሉ የጎን አልጋውን በሽተኛ ጠየቁት። እሱም «ዘንድሮ የማናየው የለም፣ አባባ» ብሎ ሳቀ። ዋና ነርሷ ከበሩ ሳትነቃነቅ አዲሷን ነርስ ታያት ነበር፤ ገና በሙከራ ላይ ያለች ነርስ በመጀመሪያ ቀኗ በሽተኛ እምቢ ካላት ነገ ተመለሽ የሚላት የለም። «ሌላ ሰው ልጥራልዎ» የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር፤ መልሳ ዋጠችው።

«አዎ፣ አባባ፣ እያጸዳሁ ነው የተማርኩት» አለች። «የሚያጸዳ እጅ ካስፈራዎት፣ አጽድቶ የማያውቅ እጅ ልፈልግልዎ?»

ሽማግሌው አፍጥጠው አዩዋት። ከዚያ ክንዳቸውን ቀስ አድርገው ዘረጉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «በይ እሺ» አሉ፤ «ብቻ እንደ ወለሉ አትፈግፍጊኝ።»

የደም ሥራቸውን በጣቷ ዳስሳ አገኘችና መርፌውን በአንድ ጊዜ አስገባች።