የጆሮ ጠብታ

«ጆሮዋን ማን ሲያክማት ነበር?» አለች ሐኪሟ፣ ዓይኗን ከልጅቷ የጭንቅላት ሲቲ ስካን ፊልም ሳትነቅል።

«ወንድሜ ነዋ!» አለች እናትየው አፏን ሞልታ። «መድኃኒት ቤት አለው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰፈሩን ያከመ እሱ ነው፣ እንኳን የኔን ልጅ!»

አጠገቧ የቆመው መድኃኒት ሻጭ ወንድሟ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ሐኪሟ ፊልሙ ላይ አንድ ክብ ነገር አሳየች። «ይሄ መግል ነው። የጆሮዋን አጥንት በልቶ አንጎሏ ውስጥ ቋጥሯል። ዛሬ ጠዋት ያንቀጠቀጣትም እሱ ነው። አሁኑኑ ተከፍቶ ካልወጣ አትተርፍም፤ ቢከፈትም ቃል አልገባም።»

አምስት ወር! ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባንኮኒው ላይ አንገቷን ዘንበል ታደርግለታለች፤ እሱ ከጆሮዋ ጥጡን መዞ ያሸታል፤ ሽታው ሲብስበት ጠብታውን ይቀይራል። አራት ዓይነት ቀያይሯል። እህቱ አንዴ «ሆስፒታል ላሳያት እንዴ?» ብትለው ስቆባታል። «ለጆሮ? እኔ ታዲያ ምን ልሠራ ነው ያለሁት!» ባለፈው ሳምንት ልጅቱ ራሴን አመመኝ ስትለው ደግሞ፣ ፈተና ፈርታ ነው ብሎ የራስ ምታት ክኒን ሰጣት። ያውም በነጻ። ያ ቸርነቱ አሁን እንደ እሬት መረረው።

«ጠብታ ብቻ? የጆሮ ሐኪም ሳያያት?» ሐኪሟ ወደ እሱ ዞረች።

«በየቀኑ ነው ያያት! አንድ ቀን አላጎደለም» አለች እህቱ። እሱ ዓይኑን ከሐኪሟ ወደ ፊልሙ አሸሸ።

ነርሷ የፈቃድ ወረቀት ይዛ መጣች። እህቱ ሳታነብ ወደ እሱ ገፋችው፣ እጇንም ትከሻው ላይ አሳረፈች። «ወንድምጋሼ፣ አንተ አንብበህ ፈርምልኝ። አንተ ታውቃለህ።»

አነበበ። ሦስተኛው መስመር ላይ «ሞት» የሚል አለ። እስክሪብቶውን አነሳ።

«እቱ» አለ፣ ቀና ብሎ ሊያያት ሳይደፍር። «ሽታው ደህና እንዳልሆነ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ታውቆኝ ነበር። አላውቅም ለማለት አፍሬ ነው። ያዘገየኋት እኔ ነኝ።»

እጇ ትከሻው ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ እጇን አነሳች። እስክሪብቶውን ከጣቶቹ መሃል ወሰደች፤ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ጀርባዋን ሰጥታው፣ ስሟን ራሷ ጻፈች።